ስለ እጅ አንጓ ነርቭ መታመቅና ስለ ሌዘር ብርሃን ሕክምና

ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ የደነዘዘ እጁን እያራገፈ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ብርድ መታኝ» የሚል ነው። ድንዛዜው አውራ ጣትን፥ ሌባ ጣትን፥ የመካከሉን ጣትና የቀለበት ጣትን እኩሌታ ይዞ ትንሿን ጣት የማይነካ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ መታመቁን መጠርጠር ይገባል። ሐኪሞች ይህን የካርፓል ተነል ሕመም ይሉታል፤ ይኸውም የእጅ አንጓ ዋሻ ሕመም ማለት ነው።

በመዳፍ መነሻ ላይ ትንንሾቹ የአንጓ አጥንቶች ከሥርና ከጎን፥ መቀነት የመሰለ ጠንካራ ሽፋን ደግሞ ከላይ ሆነው ጠባብ ዋሻ ያበጃሉ። በዚህም ዋሻ ውስጥ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሜዲያን የሚባለው ነርቭ ተጣበው ያልፋሉ። ዋሻው ሊሰፋ አይችልምና የጅማቶቹ ልባስ ጥቂት እንኳ ቢያብጥ የሚጎዳው ከሁሉ የሚለሰልሰው ነርቩ ነው። ሌሊት የሚብስበትም አንዱ ምክንያት፥ ሰው ሲተኛ አንጓውን አጥፎ ስለሚተኛ ነው።

ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። እርግዝና፥ የስኳር በሽታ፥ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከም፥ የመገጣጠሚያ ብግነት፥ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፥ የአንጓ ስብራት ያመቻቹለታል፤ ኀይልንና መደጋገምን ያጣመረ የእጅ ሥራም እንዲሁ። የኮምፒዩተር ቁልፍ መምታት ብቻውን ያመጣዋል የሚለው አባባል ግን ብዙ ቢወራም ጽኑ ማስረጃ አላገኘም።

አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፋለን በ1950ዎቹ ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያስተማረው ቀላል መፈተኛ አለ። የሁለቱን እጆች ጀርባ አገናኝቶ፥ አንጓዎቹን ወደ ታች አጥፎ 60 ሴኮንድ ያህል መቆየት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተጠቀሱት ጣቶች ቢደነዝዙ ጥርጣሬው ይበረታል፤ ቁርጡን የሚናገረው ግን ሐኪም ነው።

ለዚህ ሕመም ሌዘር የተባለውን ብርሃን እንደ መድኀኒት የሚያቀርቡ ስላሉ ነገሩን ማወቅ ይጠቅማል። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር በካሊፎርኒያ የሠራው በ1960 ነው። በ1967 የቡዳፔስቱ ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ጠጉራቸውን በላጫቸው አይጦች ላይ ደካማ የሌዘር ብርሃን ቢያበራ፥ ብርሃኑ የነካቸው ጠጉራቸው ካልነካቸው ፈጥኖ በቀለ። ከዚህ በኋላ ቁስልንና ሕመምን በደካማ ሌዘር የማከም ሐሳብ ተስፋፋ። ይህ ብርሃን እንደ ቀዶ ሕክምናው ሌዘር አይቈርጥም፥ አያቃጥልም፤ ኀይሉ በሺህኛ ዋት ይለካል። ብርሃኑ በሕዋሳት ውስጥ ያሉትን የኀይል ማመንጫዎች ያነቃቃል፥ ብግነትንም ያበርዳል ይባላል። በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የብርሃን ሞገዱ 830 ናኖሜትር የሆነ አንድ መሣሪያ ለአንጓ ሕመም እንዲሸጥ ፈቀደ።

ለሽያጭ መፈቀዱ ግን ከሌላው ሕክምና መብለጡን አያስረዳም። ይህ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ያለ ሕክምና ይሻላል፤ ስለዚህ ብርሃን በርቶለት የተሻለው ሰው ያዳነው ብርሃኑ ይሁን ጊዜው ሊለይ አይችልም። ለመለየት የሚቻለው ለእኩሌቶቹ ሕሙማን እውነተኛውን፥ ለእኩሌቶቹ ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ የማይሠራውን መሣሪያ ሰጥቶ በማወዳደር ነው። ኮክሬን የተባለው የመርማሪዎች ማኅበር በ2017 ስለዚሁ የተደረጉ 22 ሙከራዎችን ሰብስቦ ቢመዝን፥ ማስረጃው እጅግ ደካማ ሆኖ ስላገኘው ሕክምናው ይጠቅማል ለማለት የሚያበቃ ነገር አላየበትም። እንግዲህ ብርሃኑ ዐይን ውስጥ እንዳይገባ ከተጠነቀቁ በራሱ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ገንዘብና ወራት መፍጀቱ ነው።

ወራቱ የሚያስፈራበት ምክንያት አለ። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ታምቆ የቆየ እንደ ሆነ ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም አይለቅም፥ ዕቃ ከእጅ ይወድቃል፥ በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ይከሳል። የከሳው ሥጋ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንኳ ላይመለስ ይችላል።

ሕመሙ ቀላል ሳለ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሌሊት ሌሊት ለ6 ሳምንት ያህል ማሰር ብዙዎችን ያሳርፋል። ድጋፉ መጥበቅ የለበትም፤ አንጓውን በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር ወይም በኀይል ማሸት በታመቀው ነርቭ ላይ ሌላ ጫና መጨመር ነው። ይህ ያልረዳው ሕመምተኛ ሐኪም በአንጓው የኮርቲዞን መርፌ ሊወጋው ይችላል፤ ከዚህም ያለፈ ሲሆን የዋሻውን ሽፋን ሰንጥቆ ነርቩን ነጻ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አለ። ነፍሰ ጡር ብትሆን ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከወለደች በኋላ ይለቃታል።

የእጅ ድንዛዜ ሁሉ ግን ከአንጓ አይመጣም። ትንሿ ጣት የደነዘዘች ወይም በቆዳ ላይ ስሜት የሌለው የነጣ ምልክት የታየ እንደ ሆነ፥ የሥጋ ደዌም ነርቭን ስለሚያጠቃ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ያስፈልጋል። ድንዛዜው ድንገት መጥቶ ፊትን ካጣመመ ወይም አንደበትን ካሰረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።