እኛ እናቶችና የምናነባቸው መጻሕፍት

አዳዲስ ቃላት፦ ደራሲ፣ ልብ ወለድ፣ ስለት፣ ፈቃድ፣ ሕገ መንግሥት

1. ጊዜው ከየት ይመጣል?

የገጠር እናት ሥራዋ ስንት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዶሮ ሲጮኽ እንነሳለን። ውኃ እንቀዳለን። እንጀራ እንጋግራለን። ላም ይታለባል፤ በረት ይጠረጋል። ልጆች ቁርሳቸውን በልተው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ አረም ወይም አጨዳ ይጠብቀናል። ማታ ደግሞ እህል እናበጥራለን፤ ጥጥ እንፈትላለን። ታዲያ እንዲህ እየዋልን «መጽሐፍ አንብቡ» ስንባል መጀመሪያ ሳቅን። «ይኸማ ሥራ ለፈታ ሰው ነው» አልን።

ነገር ግን ፊደል ቆጥሮ ንባብን መተው ምን እንደሚያስከትል በቤታችን አየነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። ትምህርቱ መጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ከተማሩት መካከል የእኛ እናቶችና አክስቶች ይገኙበታል። አንዳንዶቹ ዛሬም ደብዳቤ ያነባሉ። አንዳንዶቹ ግን ስማቸውን እንኳ መጻፍ ረስተዋል። የረሱት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ፊደሉን ከለዩ በኋላ የሚያነቡት ነገር በእጃቸው ስላልገባ ነው። ማጭድ ከግድግዳ ላይ ተሰክቶ ከቀረ ይዝጋል። ፊደልም ካልተነበበ ይጠፋል።

ስለዚህ እኛ ጊዜ ፈለግን። ያገኘነውም ከቡናችን ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ቤት ቡና ይፈላል። አቦሉ ተጠጥቶ በረካው እስኪደርስ አንዷ ታነባለች። ሌሎቻችን ጥጥ እንፈትላለን፤ ሰፌድም እንሰፋለን። አንባቢዋ ሲደክማት ሌላዋ ትቀበላታለች። ያቆምንበትን ገጽ በስንደዶ እናመለክታለን። አንድ ቀን ሁለት ገጽ ብናነብ ሌላ ቀን ግማሽ ገጽ ብቻ እናነባለን። በአጨዳ ወራት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት መስመር ሳናነብ እናልፋለን።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን እንየው። በሁለት ቀን አንድ ገጽ ብቻ ብናነብ በዓመት ከ180 ገጽ በላይ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

2. ትንሿ መጽሐፍ

መጀመሪያ ያነበብናት ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የምትናገር ትንሽ የጤና መጽሐፍ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ከመሶብ ሥር ብትገባ አትታይም። ነገር ግን ብዙ አሳፈረችን።

ልጅ ሲያስቀምጠው የሚበጠበጠውን ዱቄት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጤና ኬላ ተቀብለን ስንሰጥ ኖረናል። አበጣጠሩን ግን በግምት ነበር የምናደርገው። ከመካከላችን አንዷ ዱቄቱን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በአንድ ስኒ ውኃ ትበጠብጠው ነበር። ግማሹን ለነገ ታስቀምጠዋለች። ሌላዋ ደግሞ «መድኃኒት ሲጠነክር ነው የሚሠራው» ብላ ሙሉውን በአንድ ኩባያ አደረገችው። ልጁ ጥሙ ባሰበት፤ ተነጫነጨ። እርሷም መድኃኒቱ አልተስማማውም ብላ ተወችው።

መጽሐፏ ግን እንዲህ አስተማረችን። መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ይኸውም ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ይለካል። አንዱ ፓኬት ሙሉ በሙሉ በአንዱ ሊትር ውስጥ ይጨመርና ይበጠበጣል። ለልጁ በማንኪያ ወይም በኩባያ ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል። ካስመለሰው ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይጀመራል። 24 ሰዓት ያለፈው ብጥብጥ ይደፋል፤ አዲስ ይዘጋጃል። ጡትም ምግብም አይከለከልም። ውኃው ከሚገባው በታች ከሆነ ብጥብጡ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳዋል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ከቀላቀለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

ይህን ባነበብን ጊዜ ያቺ እናት እንዝርቷን አስቀምጣ ዝም አለች። ከዚያም «እኔ እኮ ልጄን በእጄ እያስጠማሁት ኖሯል» አለች። ማናችንም አልወቀስናትም። ሁላችንም በግምት ነበርና የምንሠራው። በማግስቱ ግን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሰብስበን በላያቸው የተጻፈውን አነበብን። ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር፣ ሁለት ሊትር የሚሉ አገኘን። ባለ አንድ ሊትሩን አጥበን ለዚሁ ሥራ ብቻ ለየነው። ከዚያ በፊት ጠርሙስ ሁሉ ለእኛ ያው ጠርሙስ ነበር።

3. ትልቁ መጽሐፍ

ሁለተኛው መጽሐፍ ሌላ ዓይነት ነው። ስሙ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይባላል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሰዎች እንኳ ታሪኩን በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተውታል። መጽሐፉ ወፍራም ነው። ስናየው «ይህንስ ልጆቻችን ይጨርሱት» አልን። ከጀመርነው በኋላ ግን ቡናው ቢያልቅም የማንነሳበት ቀን ሆነ።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከልቡ ፈጥሮ የጻፈው ታሪክ ነው። ሰዎቹ በእውነት የኖሩ አይደሉም። ሆኖም እንደ ጎረቤቶቻችን እናውቃቸዋለን።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቦጋለና ውድነሽ የሚባሉ ባልና ሚስት በዛብህ የሚባል ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ በሕፃንነቱ ሕመም ጸናበት። ወላጆቹም ከዳነላቸው ዕድሜውን በሙሉ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ አደገ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማረ። ኋላም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆነ። ሁለቱ ተዋደዱ። ነገር ግን እርሱ በስለት የታሰረ ነው። እርሷን ደግሞ አባቷ «በዘር የሚመጥነን የለም» እያሉ ጠያቂዎቿን ሁሉ ሲመልሱ ኖረዋል። በመጨረሻም ላልፈለገችው ሰው ሊድሯት ሲሉ ከቤት ጠፋች። በዛብህንም ፍለጋ ሄደች። ያገኘችው ግን በዐባይ በረሃ ቆስሎ ሊሞት ሲል ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ገበሬዎች የግብር ጫና በዝቶባቸው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ መነሣታቸው ተጽፏል። ያለ አግባብ የሆነውን ልማድ በመቃወሙ እንደ እብድ ስለ ተቆጠረው ስለ ጉዱ ካሣም ተጽፏል። እኛን ግን ከሁሉ በላይ ያነጋገረን የእናቲቱ የውድነሽ ነገር ነው።

ውድነሽ ክፉ እናት አልነበረችም። ልጅዋን ትወደዋለች። የተሳለችውም እንዳይሞትባት ፈርታ ነው። ከእኛ መካከል ልጅ ታሞባት ያልተሳለች ማን አለች? ይሁን እንጂ የእርሷ ስለት የእርሷን ዕድሜ አላሰረም፤ ያሰረው የልጁን ዕድሜ ነው። ማንም አልጠየቀውም። ሊጠየቅም አይችልም ነበር፤ ሕፃን ነዋ።

ይህን ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከርንበት። አንዷ «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር አይነካም፤ ጥፋቱ የልጁ ነው» አለች። ሌላዋ «የራስሽን በግ ትሳያለሽ እንጂ የሰው ዕድሜ ትሳያለሽ እንዴ?» ብላ መለሰችላት። አልተስማማንም። ዛሬም አልተስማማንም። አንድ ነገር ግን ሁላችንም አየን፦ ወላጅ ልጁን የሚጎዳው በጥላቻ ብቻ አይደለም፤ በፍቅርና በፍርሃትም ነው።

4. የአንዲት ጓደኛችን ነገር

ይህ ሁሉ ሲነበብ ከመካከላችን አንዷ ብዙ አትናገርም ነበር። ምክንያቱን ኋላ ሰማን። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የ14 ዓመት ልጅዋን ሽማግሌ ልኮ የጠየቀ ቤተሰብ ነበር። ቤተሰቡ ደህና ነው፤ በሬም መሬትም አለው። አባትዋ በልቡ እሺ ብሏል። እናትየዋም ብትሆን «እኔም በ13 ዓመቴ ነው የተዳርኩ» ትል ነበር። ደግሞም ትፈራለች። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ መንገዱ ጫካ አለበት። ልጅቱ በመንገድ አንድ ነገር ቢደርስባትስ? መዳሯ መሸሸጊያ መስሏት ነበር።

የውድነሽን ታሪክ ከሰማች በኋላ አንድ ማታ ልጅዋን ጠራቻት። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፣ እስከ ዛሬ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለች። ከዚያ አለቀሰች።

እናትየዋ መጽሐፉን ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። ለባለቤቷም የስለቱን ክፍል ማታ ማታ በመብራት አነበበችለት። እርሱ ማንበብ አይችልም፤ ጆሮው ግን ንቁ ነው። «እስቲ ያንን ድገሚልኝ» እያለ ሁለት ጊዜ አስነበባት። በሦስተኛው ቀን «ምነው፣ ይህን ሁሉ የምታነቢልኝ በልጅቱ ነገር ነው መሰል?» አላት። «አዎ፣ በእርሷ ነገር ነው» አለችው።

እኛም ስለ ጋብቻ ሕጉ ምን እንደሚል ፈልገን አነበብን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ የሚመሠረት መሆኑን ይደነግጋል። የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። አንዲት የጤና መጽሐፍም ሰውነቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ምጥ ሊጸናባትና ሊረዝምባት እንደሚችል ነገረችን። ከዚህም የተነሳ ሽንት የማያቋርጥበት ፊስቱላ የሚባለው ጉዳት ይመጣል። ይህን ጉዳት ያየች አንዲት ጎረቤት ስለነበረችን መጽሐፏን ማመን አላቃተንም።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ አባትዮው ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ጠላም ቀዳላቸው። ከዚያም «ክብር ይስጥልን አባቶቼ፤ ልጄ ትማራለች። 18 ዓመት ሲሞላት እርሷው ትጠየቃለች» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ቅር ብሏቸው ሄዱ። እስከ አሁን በዚያ ወገን ሰላምታው ቀዝቅዟል። በእርሻ ወራት በሬ ያበድሯቸው ነበር፤ ያም ቀርቷል። መንገዱም ያው ጫካ ነው። ስለዚህ እኛ ልጆቻችን ብቻቸውን እንዳይሄዱ አምስት ስድስት ሆነው እንዲመላለሱ አደረግን። በየተራም አንዳችን እስከ ወንዙ ድረስ እንሸኛቸዋለን። መጽሐፍ ሥራ አያቃልልም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይጨምራል።

5. ከዚህ ምን እንማራለን?

መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይነበቡም። የጤና መጽሐፍ «አንድ ሊትር» ካለ አንድ ሊትር ነው፤ በግምት መቀነስና መጨመር አይገባም። ያልገባንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እንጠይቃለን። ልብ ወለድ ግን እንዲህ አድርጊ ብሎ አያዝም። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀን እርሱ ነው። መልሱን የምንሰጠው እኛው ነን። ስንመልስም አንስማማ ይሆናል፤ ይህ ጉዳት የለውም።

ደግሞም ብቻን ከማንበብ አብሮ ማንበብ ለእኛ ለሥራ ብዙዎቹ ይቀለናል። የአንዷ እጅ መጽሐፉን ሲይዝ የሌሎቻችን እጅ ሥራውን ይይዛል። ማንበብ የማይችለውም የቤት ሰው ይሰማል።

እናንተም አንባቢዎች በቡናችሁ ላይ ሞክሩት። ዛሬ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስንደዶውን ገጹ ላይ አድርጋችሁ ነገ ቀጥሉ።

ጥያቄዎች

1. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተማሩት አንዳንዶቹ ማንበብ የረሱት ለምንድን ነው?
2. አንዱ ፓኬት ዱቄት በስንት ውኃ ይበጠበጣል? ከስንት ሰዓት በኋላ ይደፋል?
3. ውድነሽ ልጅዋን የተሳለችው ለምን ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
4. በምንባቡ ውስጥ ያለችው እናት ልጅዋን ለመዳር ያሰበችው ስለ ፈራች ነው። ፍርሃቷ ተገቢ ነበር? ሌላ ምን መፍትሔ ተገኘ?
5. በቤታችሁ ልጆቻችሁን ሳትጠይቁ የወሰናችሁላቸው ነገር አለ? ተወያዩበት።