የደቡብ ምዕራብ ኮንፈረንስ ምሥረታና መፍረስ (1914–1996)፦ የጋራ ውድድርና የተናጠል ገቢ

መግቢያ

ለኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ አጥኚ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ እንግዳ ስም አይደለም። በ1950ዎቹ የአለማያ (የዛሬው ሐረማያ) እርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም መምህራን የላከውና ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን ያጣመረውን አሠራር ያመጣው ይኸው ተቋም ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን በጎበኙበት ወቅት ግቢውን ተመልክተዋል። ብዙም የማይነሣው ጉዳይ ኮሌጁ ከዚያ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ደቡብ ምዕራብ ኮንፈረንስ የተባለ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር መሥራች አባል የነበረ መሆኑ ነው። ማኅበሩ ሰማንያ ሁለት ዓመት ኖሮ በ1996 ፈርሷል። ይህ ጽሑፍ የመፍረሱን ምክንያት ይመረምራል፤ የአባላቱ የደንብ ጥሰት ነበር ወይስ የገቢው አደረጃጀት? (ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምሥረታና የአባላት ስብጥር

በአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት «ኮንፈረንስ» የሚባለው እርስ በርስ የሚወዳደሩና በአንድ ደንብ የሚተዳደሩ ተቋማት ማኅበር ነው። የደቡብ ምዕራብ ኮንፈረንስ በ1914 ሲመሠረት ስምንት አባላት ነበሩት፤ እነርሱም ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቤይለር፣ ራይስ፣ ሳውዝዌስተርን፣ አርካንሶ፣ ኦክላሆማ እና ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ናቸው። የምሥረታው ዓላማ የተጫዋቾችን የተሳትፎ መስፈርት አንድ ማድረግ ነበር። በዚያ ዘመን ተማሪ ያልሆነ ሰው ለኮሌጅ ቡድን መሰለፉ የተለመደ ቅሬታ በመሆኑ፣ ተጋጣሚዎች በአንድ ደንብ ካልታሰሩ የውጤቱ ተአማኒነት አጠራጣሪ ይሆን ነበር።

የማኅበሩ ክልላዊ ስፋት ብዙ አልቆየም። ኦክላሆማ በ1919፣ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ደግሞ በ1925 ለቀቁ። ሳውዘርን ሜቶዲስት በ1918፣ ቴክሳስ ክርስቲያን በ1923 ገቡ፤ ቆይተውም ቴክሳስ ቴክና ሂውስተን ተጨመሩ። ከ1925 በኋላ ከቴክሳስ ግዛት ውጭ የቀረው አባል አርካንሶ ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት ግዙፍ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና እንደ ራይስ ያሉ አነስተኛ የግል ተቋማት በአንድ ግዛት ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ።

ማኅበሩ የአካባቢውን የዘር መድልዎም ያንጸባርቅ ነበር። ጥቁር ተጫዋቾች በኮንፈረንሱ የአሜሪካ እግር ኳስ ውድድር የተሰለፉት በ1966 ሲሆን፣ ፈር ቀዳጆቹም የቤይለሩ ጆን ዌስትብሩክና የሳውዘርን ሜቶዲስቱ ጄሪ ሌቪያስ ነበሩ።

የመፍረሱ ምክንያቶች

በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት የደንብ ጥሰት ነው። በ1980ዎቹ አብዛኞቹ አባላት በብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ተቀጥተዋል። እጅግ የከበደው ቅጣት በ1987 በሳውዘርን ሜቶዲስት ላይ የተጣለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ ሲከፈል በመገኘቱ የዚያ ዓመት ውድድሩ በሙሉ ተሰረዘ፤ የሚቀጥለውንም ዓመት ራሱ ሳይወዳደር ቀረ።

ይሁን እንጂ ይህ ማብራሪያ ብቻውን በቂ አይደለም። ቅጣት ቡድንን ያዳክማል፤ ጠንካራ አባላት ለምን እንደወጡ ግን አያስረዳም። ለዚህ የቴሌቪዥን ገቢን መመልከት ያስፈልጋል። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብሔራዊው ማኅበር የሥርጭት መብትን በማዕከል ይሸጥ፣ አንድ ቡድን በቴሌቪዥን የሚታይበትንም ጊዜ ይገድብ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ባቀረቡት ክስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ይህ ቁጥጥር የንግድ ውድድርን የሚገድብ ነው ሲል ሻረው። ብዙ ኮንፈረንሶች ለጊዜው መብታቸውን በሌላ ኅብረት አማካይነት በጋራ ቢሸጡም፣ በ1990 ኖትር ዳም ከኤን ቢ ሲ፣ በ1994 የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ከሲ ቢ ኤስ ጋር ለየብቻ ሲዋዋሉ ያም ኅብረት ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የአንድ ማኅበር ዋጋ የሚለካው ባለው የተመልካች ክልል ሆነ፤ የደቡብ ምዕራብ ኮንፈረንስ ድክመትም በዚህ ተገለጠ። በዳላስና በሂውስተን ከ1960 ጀምሮ የባለሙያ ቡድኖች ስለነበሩ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚገኙት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተመልካቹን ከእነርሱ ጋር መሻማት ነበረባቸው። አርካንሶ በ1990 ወደ ደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ለመሄድ መወሰኑን አስታወቀ፤ እርሱ ሲወጣ ማኅበሩ የአንድ ግዛት ማኅበር ሆኖ ቀረ። በ1994 ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቴክሳስ ቴክና ቤይለር ከቢግ ኤይት አባላት ጋር ተጣምረው ቢግ ትዌልቭን ለመመሥረት ተስማሙ። ራይስ፣ ሳውዘርን ሜቶዲስት፣ ቴክሳስ ክርስቲያንና ሂውስተን ከስምምነቱ ውጭ ሆኑ። ከአራቱ ያልተመረጡት መካከል ያልተቀጣ ተቋም መኖሩ፣ ከአራቱ ተመራጮች መካከልም የተቀጡ መኖራቸው፣ መለኪያው የደንብ አክባሪነት እንዳልነበረ ያመለክታል። ቅጣቱ መፍረሱን አፋጠነ እንጂ አላመጣውም።

ማጠቃለያና አንድምታ

የደቡብ ምዕራብ ኮንፈረንስ የተመሠረተው የጋራ ደንብ ለማስከበር ነበር፤ የፈረሰው ግን ደንቡ የማይመለከተው ኃይል፣ ማለትም የሥርጭት ገቢ፣ ከአባልነት በላይ ሲመዝን ነው። በ2024 ከፓስፊክ ትዌልቭ ኮንፈረንስ አሥራ ሁለት አባላት አሥሩ መልቀቃቸው ሂደቱ እንዳልተቋረጠ ያሳያል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በጋራ አክሲዮን ማኅበራቸው አማካይነት በሱፐርስፖርት የቀጥታ ሥርጭት ማግኘት ጀምረዋል። አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው አዲሱ ገቢ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ጥያቄ ከሒሳብ ያለፈ ነው። ባለ ብዙ ደጋፊው ክለብ ድርሻዬ አነሰ፣ ደካማው ደግሞ ተረሳሁ ባለ ጊዜ ማኅበሩን የሚያጸናው አስቀድሞ የተስማሙበት የክፍፍልና የመውጫ ደንብ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ስፖርትም ወደ ንግድ ሥርጭት የሚገባበት ቀን ቢመጣ፣ ደንቡ ከገንዘቡ መቅደም ይኖርበታል። ከአለማያ ወዳጅ ኮሌጅ የመጀመሪያ የስፖርት ማኅበር ታሪክ የሚቀሰመው ትምህርት ይኸው ነው።