ለኩሬያችን የትኛው ዓሣ?

እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ዓሦችን በየወገናቸው ፈጠረ። እኛም በላሊበላ ለቆፈርናት ትንሽ ኩሬ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ማዶ ቆሮሶ ልናመጣ አስበን ነበር። ነገር ግን ቆሮሶ ለሐይቅም እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተጨመረ ነው። ከዚያ ወዲህ በውኃው ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይዞታ እንደ ተለወጠ አጥኚዎች ጽፈዋል። ሰፊውን ሐይቅ ከለወጠ ትንሿን ኩሬማ እንዴት ያደርጋት! ስለዚህ ብርዱን ከለመዱት ከአካባቢያችን ወንዝ ዓሦች ትንንሾቹን፥ ያውም ጥቂት ብቻ እናምጣ። የትንኝ እጭ ይበላሉ፤ የእንቁራሪትን ልጆችም አይምሩምና ለእነዚህ መሸሸጊያ የሚሆን ድንጋይና ሣር እንተው። የጸበሉ ኩሬ ግን አይነካ። አደራ የተቀበለ ሰው መጨመር ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ይገባዋል።