«ዜሮ ዓመት» ማን አላችሁ?

ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ስታሳድዱ የምትውሉ የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ ዛሬ ወሬዬ ከእናንተ ጋር ነው። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ስታገኙ ፊታችሁ ይበራል። ደግ! ችግሩ ዜሮዋን አምናችሁ መቀበላችሁ ነው። ከኮምፒውተር ቤት ተቀድቶ ስሙ ብቻ የተቀየረ፣ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድንም በግልም መሥራት የሚችል» የሚል ሲቪ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እንዲህ ያልጻፈ አመልካች እስቲ አምጡልኝ።

አልፈርድባችሁም። ስለ ራስ ማውራት ጉራ ነው እየተባልን፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። ግን እኮ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው! ለሲቪ የሚሆነው የኋለኛው ነው።

አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ እናስብ። እናቷ ሱቅ አላቸው። ማን ዱቤ እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ፣ ምን ዕቃ እንደገባ በደብተር የምትይዘው እሷ ናት። ሲቪዋ ላይ ግን አንድም ቃል የለም፤ «እሱ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» ትላለች። ነው እንጂ! «በቤተሰብ ሱቅ የዕለት ሽያጭና የዱቤ መዝገብ ለሦስት ዓመት ይዣለሁ፤ በየወሩ ዕቃ ቆጥሬ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬያለሁ» ብትል ቀጣሪው እዚያች መስመር ላይ ቆም ይላል። አፓረንትሺፕ የወጣችሁበትን መሥሪያ ቤት ስም ጠርታችሁ አትለፉት፤ እዚያ ምን ስትሠሩ እንደነበር ጻፉ። ያልሠራችሁትን ግን እንዳትጨምሩ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ለጀማሪ አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። ቁመትና የጋብቻ ሁኔታ ካልተጠየቃችሁ ይቅር። ማስታወቂያው የጠየቀውን ችሎታ ካላችሁ ከላይ አድርጉት።

ዓመተ ምሕረቱን ግን አደራ። ሐምሌ 2015 የተመረቀ ልጅ በእንግሊዝኛው ሲቪ ላይ «2015» ብሎ ቢተወው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነብ ቀጣሪ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የተመረቀ ይመስለዋል። «ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበር?» ቢል ይፈረድበታል? ልጁ 2023 ብሎ ይጻፈው። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ከዲግሪው ጋር ይግጠም።

በሉ ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና እስከ ዛሬ እጃችሁ የነካውን ሥራ ሁሉ በአማርኛ ዘርዝሩት። እንግሊዝኛውና ማሳመሩ ነገ ይደርሳል።