ስለ ዓመት በዓል ገጸ በረከትና ከመዝገቡ ስለ ጎደለ ስም

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

እኔ የ32 ዓመት ሴት ስሆን በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። ወላጆቼ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ፤ እኔም የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ቅዱስ ዮሐንስ በመጣ ቁጥር ባዶ እጄን ቤት ገብቼ አላውቅም። ለአባቴ ጋቢ፣ ለእናቴ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ሥራ ይዞ ራሱን ለቻለው ወንድሜ ጫማ፣ ለታናሽ እኅቴ የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር፣ ለአያቴ ሻሽ፣ ለአክስቶቼ ቡናና ስኳር እገዛለሁ፤ የበጉም ዋጋ የእኔው ነው። ዘንድሮ ዕቁብ ስለ ደረሰኝ ብዙ ዘመን የተመኘሁትን ባለ ጥለት ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ላሠራ አሰብኩ። ይህንንም ለእኅቴ በስልክ ባጫውታት ወሬው አክስቴ ዘንድ ደርሶ «አሁንማ ለራሷ መልበስ ጀመረች፤ እኛን ልትረሳን ነው» አለች አሉኝ። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን ከአክስቴ ንግግር ይልቅ የእርሷ ዝምታ ከበደኝ።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ለፋሲካ ሄጄ የእናቴን ሣጥን ብከፍት ለአባቴ በየዓመቱ የገዛኋቸው ሦስት ጋቢዎች ጫፋቸው እንኳ ሳይቋጭ ተጣጥፈው አገኘኋቸው። እርሱ ዛሬም ያንኑ አሮጌውን ለብሶ፣ ማለዳ ዳዊቱን ሲደግም መጽሐፉን ከዓይኑ አርቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበለ ያነባል። እናቴም እንግዳ በበዛ ቀን ስኒ የምትዋሰው ከጎረቤት ነው። ለመሆኑ ለራሴ መግዛቴ ኃጢአት ነውን? ለእነርሱስ ምን ልግዛላቸው?

«በኵሯ» ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።

ለ«በኵሯ» የተሰጠ መልስ፤

ልጄ ሆይ፤ ከጥያቄዎችሽ የመጀመሪያው ቀላል ነውና አስቀድሜ ልገላግልሽ። በላብሽ ባገኘሽው ገንዘብ፣ ዕዳ ሳትገቢና ወላጆችሽን መጦር ሳታጓድዪ፣ ለበዓል የሚሆን ቀሚስ ብታሠሪ ኃጢአት አይሆንብሽም። ባልንጀራን ስለ መውደድ የታዘዘው ትእዛዝ እንኳ መለኪያ ያደረገው ሰው ለገዛ ራሱ ያለውን ፍቅር ነውና፣ መስፈሪያውን የጣለ ሰው ለሌላው ምን ያህል እንደ ሰፈረ በምን ያውቃል? ስለ ራስ ፈቃድ መተው ከማንም ይልቅ አብዝታ የምታስተምረው ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን፣ ምእመናንን 55 ቀን በዐቢይ ጾም ካቆየች በኋላ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብን ሳይቀር ፍስክ አድርጋ ደስ እንዲላቸው ሥርዓት ሠርታለች። አንቺ ግን ሥራ ከያዝሽበት ቀን ጀምሮ ለራስሽ አንዲት ፍስክ ሳትፈቅጂ መኖርሽ፣ ከአበው ቀኖና የከበደ ቀኖና በገዛ እጅሽ በራስሽ ላይ መጫንሽ ነው፤ ይህንንም ያዘዘሽ ንስሐ አባት ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ልንገርሽና፣ ልብሽን የሚያስጨንቀው የቀሚሱ ነገር ብቻ ሳይሆን የእነዚያ የሦስቱ ጋቢዎች ነገር ነው። ጋቢ እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ ሴቲቱ በእንዝርት የፈተለችውን ማግ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ በድሩ መካከል እየወረወረ ይሸምነዋል፤ አራት እጥፍ ሆኖ ከተሰፋም በኋላ የጫፉ ክር እንደ ተንጠለጠለ ወደ ገዢው ቤት ይመጣል። ያን ክር በመዳፍ እያሹ መቋጨት የቤተ ሰብ ሥራ ስለሆነ፣ ጫፉ ያልተቋጨ ጋቢ ምንም እንኳ ዋጋው ተከፍሎ ደብረ ብርሃን ቢደርስ ገና ባለቤት አላገኘም። አባትሽ አዲሱን ያልለበሱት አንቺን በመናቅ ነው ብዬ አላምንም፤ አረጋውያን አሮጌ ጋቢ ገላቸውን ስለ ለመደ ይወዱታል፣ አዲሱንም ለክፉ ቀን ወይም ለአንቺው ሠርግ ብለው ያስቀምጡታል። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የመጀመሪያውን የገዛሽው የደብረ ብርሃን ብርድ ለአባትሽ አሳዝኖሽ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሁለተኛውንም ልማድ ገዛው እንበል፤ ሦስተኛውንስ ማን ገዛው? ከአውቶቡስ ወርደሽ ጥቅልሉን ተሸክመሽ በሰፈሩ ስታልፊ «የእገሌ ልጅ እንዲህ ናት» የሚለው የጎረቤት አፍ አልነበረምን? አበው ይህንን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል፤ ከመልካም ሥራ ሥር ተሸሽጎ የሚበቅል ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ለመንቀል ያስቸግራል። ይህን የምልሽ ላሳፍርሽ አይደለም። የአክስትሽ ቃል እንዲያ የወጋሽ ስላልረሳሻቸው ሳይሆን፣ የሰጪነት ስምሽ የተነካ መስሎ ስለ ተሰማሽ መሆኑን ብታውቂው ሕመሙ ስለሚቀልልሽ ነው።

ለእነርሱ ምን ልግዛ ላልሽው መልሱን አንቺው በደብዳቤሽ ጽፈሽዋል። ዳዊታቸውን ከዓይናቸው አርቀው ወደ መስኮት የሚያዘነብሉ አባት የሚያስፈልጋቸው አራተኛ ጋቢ ሳይሆን መነጽር ነው። መነጽር ግን እንደ ሻሽ በግምት የሚገዛ ነገር አይደለምና ከመንገድ ዳር ያገኘሽውን አንሥተሽ እንዳትሄጂ፤ ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ይዘሻቸው ወደ ዓይን ሐኪም ሂጂ፣ ይመርመሩ፣ በልካቸው ይሠራላቸው። ምናልባትም የዓይናቸው ነገር በመነጽር የማይድን፣ ሕክምና የሚሻ ሞራ ሆኖ ቢገኝ በጊዜ መታወቁ ራሱ ታላቅ ስጦታ ነው። በዚያው ላይ በትልልቅ ፊደል የታተመ ዳዊት ብትጨምሪላቸው ማለዳ ማለዳ ምርቃታቸው አይለይሽም። ጋቢዎቹን በተመለከተ «ለምን አልለበስክም?» ብለሽ አትውቀሻቸው፤ አንዱን ከሣጥን አውጥተሽ ከእናትሽና ከእኅትሽ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ጫፉን ቋጩት፤ ከዚያ ወዲያ አባትሽ ትከሻቸው ላይ ጣል የማያደርጉበት ምክንያት አይኖራቸውም፤ ይህም አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ገጸ በረከት ነው።

እናቶች ምን እንደሚሹ ሲጠየቁ «እኔ ምንም አልፈልግም፤ እናንተ ደኅና ሁኑልኝ» ማለት ልማዳቸው ነው፤ ይህን ቃል አምኖ ዝም ያለም፣ ይህን ቃል ሰምቶ በየዓመቱ ቀሚስ የሚያሸክምም ሁለቱም አልሰሟቸውም። ያገራችን እናት ፍላጎቷን የምትናገረው በአፏ ሳይሆን በጓዳዋ ነው። ጓዳ ገብቶ የጀበናው አንገት በጨርቅ ታስሮ እንደሆነ፣ ምጣዱ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ስኒው ከስድስት ወደ ሦስት ወርዶ እንደሆነ ያየ ልጅ ሌላ መጠየቅ አያሻውም። እንግዳ ሲበዛ ልጅ ልካ ስኒ የምትዋስ ሴት፣ የተዋሰችው ስኒ እንዳይሰበር ስትሳቀቅ የገዛ ቡናዋ ጣዕም ያመልጣታል። ስለዚህ ዘንድሮ ቀሚሱን ተዪውና ባለ አሥራ ሁለት ስኒ ከነረከቦቱ ውሰጂላት።

የቀሩት ብዙ አያስቸግሩም። የእኅትሽ የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር ስጦታ ሳይሆን የቤቱ ወጪ ነውና በዚያው መዝገብ ጻፊው፤ ለበዓሉ ግን ራሷ የመረጠችውን፣ ለትምህርት ምንም የማይረባ ቢሆን እንኳ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ግዢላት፤ በዚያ ዕድሜ ከጥቅም ውጭ የሆነች አንዲት ደስታ ታስፈልጋለች። ሥራ ይዞ ራሱን የቻለው ወንድምሽ ጫማውን ራሱ ይግዛ፤ እንዲያውም የዘንድሮው በግ የእርሱ ድርሻ መሆኑን በግልጽ ንገሪው፤ ሰጪ ሳይሆን ተቀባይ ብቻ ሆኖ የሚያረጅ ወንድ ለሚስቱም ጣጣ ነው። ለአያትሽ ሻሹን አትተዪ፤ ጉልበታቸውን ስመሽ አጠገባቸው ረዘም አድርጎ መቀመጥ ግን ከሻሹ ይበልጥባቸዋል። የአክስትሽንም ቡናና ስኳር አታስቀሪ፤ ለነገር ብድር መመለሻ ተብሎ የተቋረጠ ስጦታ ከነገሩ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልበል፤ አንቺ የሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ይህ ለአንቺ ትምህርት አይደለም፤ ነገር ግን የሰውን መዝገብ የሚጠብቅ ሁሉ የራሱን እንደማይጠብቅ ስላየሁ ነው። የነሐሴ ደመወዝ ከሁሉ ደመወዝ ይልቅ መንገዱ ረጅም ነው፤ 13ኛዋ ወር ጳጉሜን 5 ወይም በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ይዛ ስትመጣ ደመወዝ ይዛ አትመጣምና፣ በነሐሴ መጨረሻ የተቀበልሽው ብር እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን ሊያኖርሽ ይገባል። በዚያ መካከል ቅዱስ ዮሐንስ አለ፣ የትምህርት ቤት መክፈቻ አለ፣ በ17ኛው ቀን ደግሞ መስቀል ይከተላል። ስለሆነም የቀሚስሽን ዋጋ ከዕቁቡ አውጪ፣ የቤተ ሰቡን ከሐምሌና ከነሐሴ ደመወዝ ከፋፍለሽ አስቀምጪ፣ ለመበደር ግን ለማንም ስጦታ ብለሽ እጅሽን አትዘርጊ። የዚህ በዓል የጥንት ልማዱ ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር፣ ወንዶች ልጆችም በእጃቸው የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየደጁ መዞር ነው፤ የቤቱ ጌታ ደስ ብሎት ሳንቲም ይሰጣቸዋል እንጂ ሥዕሉ ስንት እንደ ፈጀ አይጠይቃቸውም።

አሁን ወደ እናትሽ ዝምታ ልመለስ። አንቺ ዝምታዋን ቅሬታ አድርገሽ ተርጉመሽዋል፤ እኔ ግን ምናልባት ልጇ ይህን ሁሉ ዘመን ሁሉን ስታለብስ ራሷ ምን እንደምትለብስ ጠይቃት እንደማታውቅ ትዝ ብሏት እንደሆነስ እላለሁ። መስጠትን እንጂ መቀበልን ስላልለመድሽ ሊሰጥሽ የሚችለውን ሁሉ ከደጅ መልሰሽዋል። ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም በወጣች ጊዜ 120 መክሊት ወርቅ፣ እጅግ ብዙ ሽቱና የከበረ ዕንቍ ለሰሎሞን እንዳቀረበች ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ነገር ግን መጽሐፈ ነገሥት በዚያው ምዕራፍ፣ እርሷም የምትሻውን ጠይቃ ንጉሡ የጠየቀችውን ሁሉ እንደ ሰጣት ይተርካል። ያን ያህል ወርቅ የሰጠች ንግሥት መጠየቅን ውርደት አላደረገችውም፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ከእርሷ ትበልጣለችን? ስለዚህ በእኅትሽ በኩል ሳይሆን ራስሽ ወደ እናትሽ ደውለሽ «እማዬ፣ ለቅዱስ ዮሐንስ ቀሚስ ላሠራ ነውና የጥለቱን ቀለም አንቺ ምረጪልኝ» በያት። ነገሩ ከአክስትሽ አፍ ወጥቶ ወደ እናትሽ እጅ ሲገባ ወሬነቱ ያቆማል፤ ጥለቱን የመረጠች እናትም ልጇ ስትለብሰው የሚነቅፋትን ሰው ሰምታ ዝም አትልም።

ቀሚሱን ስታሠሪ ደግሞ ለራስሽ ሲሆን እንደ ለመድሽው ርካሹን አትፈልጊ። ለእናትሽ ጥሩውን ፈትል ስትመርጪ የነበረችው ያቺው እጅ ለአንቺም ትምረጥ፤ ጥለቱ በእጅ የተሸመነ እንደሆነ ገልብጠሽ ጀርባውን ተመልከቺ፣ በልክሽም አሠሪው እንጂ «ትንሽ ሰፋ ቢል ለእኅቴም ይሆናል» የሚል አሳብ አይግባብሽ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብለው የለ? ይኸው ቀሚስ መስቀልንም፣ ጥር 11 ቀን የሚውለውን ጥምቀትንም ይደርስልሻል፤ በአንድ ጊዜ ወጪ ሦስት በዓል መልበስ ለሒሳብ ሠራተኛም የሚያሳፍር አይደለም። ሸማኔው ሸምኖ፣ ሰፊው ሰፍቶ እስኪያደርሱት ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ጳጉሜን ሲገባ ሽሮ ሜዳ ሰው ከሰው ይጋፋል፣ ዋጋውም ይወጣል፣ በዚያን ጊዜ የሚመጣ ደንበኛ ያገኘውን እንጂ የወደደውን አይገዛም። ስለዚህ ሐምሌ ሳያልቅ ሄደሽ ቀብድሽን ክፈዪ።

ልጆቻችሁ ያመጡላችሁን ጋቢና ቀሚስ በሣጥን ቆልፋችሁ ያኖራችሁ አባቶችና እናቶችም ይህን የምታነቡ እንደሆነ፣ ያኖራችሁበትን ምክንያት ለዚህ አምድ ጻፉልን፤ የእናንተንም ወገን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።