የብረት ምጣድና ድስት አያያዝ፤ ዝገትንም ስለ መከላከል

በግራናም ሆነ በመርሳና በወልድያ አዲስ የሸክላ ምጣድ የገዛች የቤት እመቤት በጎመን ዘር ሳታሟሽ እንጀራ አትጋግርበትም። ቡናና ቆሎ የሚቆላበት የብረት ምጣድ፥ የብረት ድስትም እንዲሁ መሟሸት ያስፈልገዋል። ይህ ያልተነገረው ገዢ ግን ዕቃው በጥቂት ሳምንት ዝጎ ሲያገኘው ጥፋቱን በሻጩ ላይ ያደርጋል፤ ነጋዴውም ደንበኛውን ያጣል።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ ሲዋሐድ ነው፤ ጨውም ያፋጥነዋል። ስለዚህ መከላከያው ርጥበትን ማራቅና ብረቱን ዘይት ማልበስ ነው። የማሟሸቱም ሥራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ዕቃውን በለብታ ውሃ አጥቦ በእሳት ላይ ፈጽሞ ማድረቅ።

2ኛ/ የኑግ ወይም የተልባ ዘይት በውስጥም በውጭም ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል፤ ዘይቱ ከበዛ ይጣበቃልና።

3ኛ/ ጢሱ እስኪያበቃ በፍም ላይ ማጋል፤ ይህንም 3 ጊዜ መደጋገም። ዘይቱ በግለቱ ደርቆ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ይሆናል።

የዛገውን ዕቃ በአመድና በደቃቅ አሸዋ ፈትጎ እንደ አዲስ ማሟሸት ይበቃል እንጂ መጣል አይገባም። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበትን ወጥ ማሳደርም ሽፋኑን ይበላዋል።

ነጋዴውም በክረምት የብረት ዕቃውን ዘይት ቀብቶ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፥ ከጨው ጆንያ አርቆ ያኑር። ሲሸጥም የማሟሸቱን ሥራ ለገዢው ያስረዳ። ይህች አጭር ምክር ለገዢው ዕቃውን፥ ለሻጩም ደንበኛውን ትጠብቃለች።