እሰማለሁ፣ ግን አልሰማም

ጥያቄ፦ ለስልኬ የምጠቀምበትን ማይክ ያለው ኢርፎን ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው የሌሎች ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እኔ ስናገር ግን ማንም አይሰማኝም። የተበላሸው ማይኩ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?

መልስ፦ ስልክዎ ላይ ማይኩ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ የመሰኪያውን ብረት ልብ ብለው ይዩት። ሦስት ቀለበቶች ካሉት የሁለቱ ጆሮዎች ድምፅና ማይኩ በአንድ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ተጠቃለዋል ማለት ነው። ብዙ ዴስክቶፖች ግን ለየብቻ ነው የሚቀበሏቸው፤ አረንጓዴው ቀዳዳ ለማዳመጫ፣ ሮዙ ለማይክ። አረንጓዴው ላይ ሲሰኩት የማይኩ መስመር የሚገናኘው ነገር የለም።

መፍትሔው አንዱን ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ስለሚያወጣ አደራ፣ ሲገዙ ይጠንቀቁ፦ ሁለት ሰዎች አብረው ሙዚቃ እንዲሰሙ የተሠራው ገመድ ሁለት ቀዳዳ ስላለው አይሆንዎትም። የእርስዎ አንድ ቀዳዳና ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡ ሁለት መሰኪያዎች ያሉት ነው። የዩኤስቢ የድምፅ አስማሚም ይሠራል፤ ግን ባለ አንድ ቀዳዳ የሆነና ማይክም የሚቀበል መሆኑን ጠይቀው ይግዙ።

ገመዱን ከኋላ በኩል ይሞክሩት፤ የፊቶቹ ቀዳዳዎች አንዳንዴ ከማዘርቦርዱ ጋር ሳይያያዙ ይቀራሉ።

አሁንም ዝም ካለ፣ በዊንዶውስ ሴቲንግስ የፕራይቨሲ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን መፈቀዱን ይመልከቱ። ከዚያ ሳውንድ ውስጥ ገብተው ይናገሩ፤ የኢንፑቱ መለኪያ ከተንቀሳቀሰ ኮምፒውተሩ እየሰማዎት ነው፣ የቀረው ዙም ወይም የሚጠቀሙበት ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ትክክለኛውን ማይክ መምረጥ ብቻ ነው።